ጋቢ ያልለበሰው ኮምፒውተር

ማክሰኞ ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጋሽ ደሴ ከመደርደሪያቸው ሁለት ፓወር ሰፕላይ አውርደው አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ መዳፌ ላይ አስቀመጡና፣ «የትኛው ነው የሚዋሸው?» አሉኝ። ፓወር ሰፕላይ የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ለኮምፒውተሩ ክፍሎች መጥኖ የሚያከፋፍል የብረት ሳጥን ነው። በሁለቱም ላይ የተለጠፈው የኃይል መጠን አንድ ነበር። እኔ ዲግሪዬን በክላሰር ይዤ የመጣሁት ስለ ትምህርቴ እጠየቃለሁ ብዬ ነበር። ግራ እጄን ብቻ ከፍ አደረግሁ። ቀላሉ ያኛው ነበር።

«እሰይ» አሉ። «ውስጡ ባዶ የሆነ ነው ከላይ ብዙ የሚለጥፈው። በይ ክላሰርሽን አስቀምጪና ካፖርቱን ልበሺ።»

የሥራ ዘመኔን የምቆጥረው ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ይፋግ ላይ በአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ስምንት ወር ማመልከቻ ተይቤአለሁ። የቤቱ ባለቤት ደግ ሴት ነበሩ፤ እኔ ግን በስምንቱ ወር የተናገርኩት ቃል ቢሰበሰብ አንድ ማመልከቻ የሚሞላ አይመስለኝም። አሁን ጋሽ ደሴ ዓይናቸው ስለ ደከመ ሱቁን ዘግተዋል። እኔም ገሳይ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር መምህርት ሆኜ ተቀጥሬአለሁ። ባለፈው ሳምንት የሱቁን ዕቃ ስናነሣ መፍቻዎቼን በጨርቅ ጠቅልዬ ወሰድኩ። አምስት ዓመት ከሠራሁበት ሙያ ስወጣ ስለ አንድ ማሽን ሳልናገር ብቀር ልክ አይመስለኝም።

ሱቁ ደብረ ታቦር ውስጥ፣ ወደ ጋፋት በሚያስወጣው መንገድ ዳር ነበር። ጋሽ ደሴ በወጣትነታቸው የጦር ሠራዊት ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ። ሠራዊቱ ሲበተን አንድ መበየጃና አንድ መለኪያ ይዘው አገራቸው ገቡ። መጀመሪያ ሬዲዮና ቴፕ ሠሩ፤ ቴፑ ሲጠፋ ኮምፒውተር። የመሥሪያ ቤት ፕሪንተር ይጠግኑ የነበረው ለእንጀራ ነው። ልባቸው ያለው ቤቱ ውስጥ ዜማ ለሚቀርጽ ሰው ማሽን መገጣጠሙ ላይ ነበር። አንዳንዴ የማሽን ማቀዝቀዣ ማራገቢያ እየጮኸ ሲያስቸግራቸው፣ «ጋፋት ላይ መድፍ የሠራ አገር አንዲት ማራገቢያ ዝም ማሰኘት ያቅተው?» ይላሉ።

ዕቃ ሲመርጡ ከፕሮሰሰር አይጀምሩም። መጀመሪያ የሚጠይቁት፣ «የት ነው የምታስቀምጠው?» ብለው ነው። ጣራው ቆርቆሮ ነው ወይስ ኮርኒስ አለው? ወለሉ አፈር ነው? ማይኩ ከማሽኑ ስንት እርምጃ ይርቃል? ከዚያ በኋላ ነው ክፍሎቹን የሚያነሡት። የገበሬ ልጅ ስለሆኑ ለደንበኛ የሚያስረዱት በገበሬ ቋንቋ ነበር። «ፕሮሰሰሩ በሬ ነው። ራሙ አውድማ ነው። ሃርድ ዲስኩ ጎተራ ነው። አውድማህ ከጠበበ በሬህ ቢበረታ ምን ይፈይድልሃል? ጎተራህም አንድ ብቻ ከሆነ ነቀዝ የገባ ዕለት አለቀልህ።» እኔ አራት ዓመት የተማርኩትን በሦስት ዓረፍተ ነገር ሲጨርሱት ማስታወሻዬ ላይ እጽፈው ነበር።

አንድ ጊዜ መልካሙ የሚባል የሠርግ ዘፋኝ መጥቶ ትልቅ የቪዲዮ ካርድና መብራት የሚያብለጨልጭ ኬዝ ካልተገዛልኝ አለ። አንገቴን ደፍቼ የሚለውን መጻፍ ስጀምር ጋሽ ደሴ፣ «ንገሪው እንጂ» አሉኝ። እኔ መጻፌን ቀጠልኩ።

«ይቺ ልጅ አፏ ለጌጥ ነው?» አለ መልካሙ።

«ድምፅ… በቪዲዮ ካርድ አያልፍም» አልኩ ለወረቀቱ።

«ምን አለች?»

«ዘፈንህ ዓይን የለውም አለችህ» አሉ ጋሽ ደሴ። መልካሙ እየሳቀ በካርዱ ፋንታ ራም ጨመረ።

ከልማዳቸው ሁሉ ግን አንዱን አልረሳውም። ማሽኑ ተገጣጥሞ ሲያልቅ የራሳቸውን ጋቢ ከትከሻቸው አውርደው ያለብሱታል። ከባድ ሥራ ሰጥተውት አንድ ሰዓት ያህል እንደታፈነ ይተዉታል። «ሰው ሲያልበው ነው ጠባዩ የሚታወቀው» ይላሉ። ከዚያ ጋቢውን ይገፍፉና ሱቁ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ዝም ያሰኛሉ። ደንበኛውን የሙዚቃ መሣሪያውን እንዲመታ፣ ከዚያም እንዲያቆም ያዙታል። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። የሚያዳምጡት ሲመታ አይደለም። ካቆመ በኋላ ያለውን ነው። «ሲመታማ ሁሉም ያምራል» ይሉ ነበር።

መሪጌታ ፈንታ የመጡት ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነው። ያን ሰሞን ጋሽ ደሴ ዓይናቸውን ሊታከሙ ባሕር ዳር ሄደው ሱቁ በእኔ እጅ ነበር። መሪጌታ በበገናቸው የሚታወቁ ሰው ናቸው፤ ሊሰማቸው ከሩቅ ወረዳ የሚመጣ ሰው ነበር። ነጠላቸውን አጣፍተው እንደቆሙ ስልካቸውን ዘረጉልኝ። ስልኩ ላይ ያለችው ዓረብ አገር የምትሠራው አንድያ ልጃቸው እናትነሽ ነበረች።

«እቴ፣ የአባዬ ድምፅ እንዲቀርልኝ ነው» አለችኝ። «ከአገር ከወጣሁ ሰባት ዓመቴ። በስልክ የምሰማው ተቆራርጦ ነው። እሱ ዕቃ አያውቅም፤ አንቺ ምረጪልኝ። ገንዘቡን እኔ እልካለሁ።»

ቤታቸው ሄጄ አየሁ። ጠባብ እልፍኝ ናት፣ ግድግዳዋ ጭቃ፣ ለድምፅ የተመቸች። በገናው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ከሥዕለ አድኅኖው አጠገብ ተሰቅሏል። ከዚያ ሥር ትልቅ ጥቁር ኬዝ ማስቀመጥ ድፍረት መሰለኝ። ስለዚህ እንደ መጽሐፍ ቀጭን የሆነ፣ ነጭ ኬዝ መረጥኩ። ቀጭን ኬዝ የሚቀበለው ትንሽ ፓወር ሰፕላይና ትንሽ ማራገቢያ ብቻ ነው። ትልቅ ማራገቢያ በቀስታ ዞሮ የሚያወጣውን ሙቀት ትንሹ የሚያወጣው በጣም ፈጥኖ ሲዞር ነው፤ ሲፈጥን ደግሞ ይጮኻል። ይህን አውቃለሁ። ግን ማሽኑን እልፍኟ ውስጥ ከፍቼ ለዐሥር ደቂቃ ሳዳምጠው እንደ ድንጋይ ዝም አለ። የጥር ጠዋት ብርድ ነበር፤ የደብረ ታቦር ብርድ እኔን አታለለኝ። ጋቢ አላለበስኩትም። የራሴን ነጠላ አውርጄ በመሪጌታ ፊት ዕቃ ማልበስ አፈርኩ።

ማይኩን ከማሽኑ ጋር የምታገናኘው የድምፅ መቀበያ ሳጥን ገመድ አጭር ስለነበረ ማሽኑን ከመቀመጫቸው ሁለት እርምጃ ላይ አስቀመጥኩት። «መሪጌታ፣ እባክዎ ትንሽ ይደርድሩልኝ» የምትለዋን ቃል በመንገዴ ሁሉ ስለማመዳት ነበር። ከእኔ ቀድመው ግን እሳቸው ተናገሩ።

«እንግዲህ ለሁዳዴ ያድርሰን። ከሁዳዴ በፊት በገናውን አላወርደውም። ሌላው በፈለገው ጊዜ ይደርድር፤ እኔ ከአባቴ የወረስኩት እንዲህ ነው።»

እኔም በማይኩ ፊት ከአንድ እስከ ዐሥር ቆጠርኩ፣ አጨበጨብኩ፣ የመቅረጫዋን ቀይ ምልክት እንዴት እንደሚጫኗት አሳየኋቸውና ወጣሁ።

ዘወረደ በገባ ሐሙስ ሄድኩ። መሪጌታ ጨርቁን ገልጠው በገናውን አወረዱ። በገና ዐሥር አውታር አለው። በእያንዳንዱ አውታር ሥር እንዝራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ ይገባል፤ ያንን የንብ መንጋ የመሰለ ጥዝዝታ የሚያመጣው እሱ ነው። መደርደር ሲጀምሩ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። ለግማሽ ሰዓት ያህል ደረቴ ውስጥ የሚደረደር መሰለኝ። ከዚያ በጥዝዝታው ሥር ሌላ ጥዝዝታ ሰማሁ። ማሽኑ ሞቆ ነበር። ማራገቢያው የወጣበት ቃና ከወፍራሙ አውታር ጥዝዝታ ጋር ልክ ለልክ ገጥሞ፣ እንዝራው ሲጮኽ ይደበቃል፣ እንዝራው ሲያርፍ ብቻውን ይቀራል።

መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እንባ በጉንጫቸው ይወርዳል። የሚጸልይን ሽማግሌ፣ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ልጅ «ያቁሙ» ትላለች? ከበገናው ነው፣ ከቆዳው ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ። መጨረሻ ላይ በጣም በቀስታ ደረደሩ፤ ከዚያ አቁመው ዓይናቸውን ገለጡና አዩኝ።

«ደኅና ነው?» አሉኝ።

«ደኅና ነው መሪጌታ።»

የሥራ ዘመኔ ውሸት ይህ ነው። ሌላ አላስታውስም።

ከዚያ በኋላ ማሽኑን ከመቀመጫቸው ለማራቅ በየሳምንቱ ረዥም ገመድ ይዤ ልሄድ አስብ ነበር። ገመዱ ሱቅ ውስጥ ከራሴ በላይ ተሰቅሎ ነበር። ግን ለምን እንደመጣሁ መናገር ይኖርብኛል። ጋሽ ደሴ ተመልሰው ሥራውን ሲጠይቁኝም «ተጠናቋል» ብቻ አልኳቸው። መሪጌታ ሁዳዴውን ሙሉ፣ እስከ ኒቆዲሞስ ሳምንት ድረስ፣ ብቻቸውን እየተቀመጡ ዐሥራ አንድ ዝማሬ ቀረጹ። ከፋሲካ በኋላ ታመሙ። በሐምሌ ዐረፉ።

እናትነሽ መስከረም መጨረሻ ላይ ገባች። ቀብሩ ላይ ስላልደረሰች የምትይዘው የአባቷ ነገር ያ ማሽን ብቻ ነበር። በጥር ለመንፈቁ ዘመድ ሲሰበሰብ ድምፃቸውን ልታሰማ አስባ፣ አስቀድመን እንድንሰማው ጠራችኝ። የመሪጌታ ታናሽ ወንድም አያ ምስጋናውም ነበሩ። የመጀመሪያው ዝማሬ ሲሰማ ሰውየው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንዝራው አርጅቷል። ወንድሜም ደክሞ ነበር መሰለኝ። ድሮ እንዲህ የሚያጓራ በገና አልነበረውም።»

እናትነሽ ወደ እኔ ዞረች። «እውነት ነው?»

«ላጽዳውና እንየው» አልኩ። የሞተ ሰው እጅ በእኔ ማራገቢያ ሲታማ ዝም አልኩ።

ማሽኑን ሱቅ ወስጄ ሦስት ሳምንት ሞከርኩ። ድምፅ ማጽጃው ፕሮግራም የማራገቢያውን ድምፅ ሲያወጣ የእንዝራውን ጥዝዝታ ይዞ ይወጣል። የሚቀረው በገና ሳይሆን ክር የተወጠረበት ሣጥን ነው። እያንዳንዱ ዝማሬ ካበቃ በኋላ ያለውን ደግሞ አስቀድሜ ቆርጬዋለሁ፤ እዚያ ማራገቢያው ብቻውን ስለሚሰማ። በመጨረሻ ቀረጻውን ይዤ ጋሽ ደሴ ቤት ሄድኩ። በደከመ ዓይናቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው አዳመጡ።

«ጋቢ አልብሰሽው ነበር?»

«አላለበስኩትም።»

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «መጨረሻውን አሰሚኝ» አሉኝ።

«ቆርጬዋለሁ።»

«ለምን?»

«ማራገቢያው ይሰማል።»

«እና መጨረሻ የሚደመጠው ለምንድን ነው ልጄ?»

ወደ ሱቅ ተመልሼ ያልተቆረጡትን ከማሽኑ ሃርድ ዲስክ ከፈትኩ። ዐሥራ አንደኛው ላይ፣ የመጨረሻው አውታር ካረፈ በኋላ፣ መሪጌታ ቀይዋን ሳይጫኑ ብዙ ቆይተዋል። ማራገቢያው ይጮኻል። ከዚያ ድምፃቸው መጣ፤ ለማንም የሚናገሩ አይመስሉም።

«ይኸው ይሄም ይደረድራል… ያቺ ልጅ ሰምታዋለች። ደኅና ነው አለችኝ እንጂ ፊቷ ሌላ ነበር። ተነሥታ አቁም ትለኛለች ብዬ የመጨረሻውን በቀስታ ደረደርኩላት። አፈረች። እኔም የተማረች ልጅ ያመጣችውን ዕቃ ምን ብዬ ልንቀፍ። አፈርኩ። ሁለታችንም እግዜር ይፍታን።»

ያንን የሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ልሰርዘው እችላለሁ፤ እናትነሽ መኖሩንም አታውቅም፤ አያ ምስጋናውም እንዝራው ነው እንዳሉ ይቀራሉ። እጄ ኪቦርዱ ላይ ነበር። ይህን የምጽፈው ምን ያህል እንደቆየ ለመደበቅ አይደለም፤ ቆይቷል።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ማሽኑን ይዤ ወደ እልፍኟ ሄድኩ። እናትነሽ ብቻዋን ነበረች።

«እትዬ፣ የአባትሽ እጅ አልደከመም። እንዝራውም አላረጀም። እኔ የመረጥኩት ማራገቢያ ነው። ያን ጊዜም ሰምቼዋለሁ።»

«ታዲያ አጎቴ እንዲያ ሲል እዚሁ ተቀምጠሽ አልነበር?»

«ነበርኩ።»

«ሦስት ሳምንት!»

«አዎ።»

ወደ በሩ ዞራ ቆመች። እንድሄድላት የምትፈልግ መሰለኝ፤ ግን የመጣሁበትን አልጨረስኩም። መጨረሻውን ከፈትኩላት። አንዴ ሰማችው። ራሷ መልሳ ከፈተችው። በአራተኛው ላይ መሬት ተቀመጠች።

«አባዬ አፈርኩ አለ» አለች። ትስቅ ወይ ታለቅስ አልለየሁም። «ለእኔ በሕይወቱ ብሎት አያውቅም። ስንቴ ተጣልተን… አንድ ቀን አላለኝም። ላንቺ አለሽ?»

እኔም አጠገቧ መሬት ተቀመጥኩ።

«እንዳታጸጂው» አለች። «እንዳለ ይሰማ። ንግግሩም ጭምር፣ ዘመድ በተሰበሰበበት።»

«ይሰማ» አልኩ። «ያቺ ልጅ ማን እንደሆነችም ንገሪያቸው።»

«እኔማ አልነግርም። አንቺ ራስሽ ትነግሪያቸዋለሽ። አጎቴ በተቀመጠበት።»

እሺ አልኩ። ልወጣ ስል በገናውን ቀና ብላ አየችው። ልትማረው እንደምትፈልግ፣ ግን የአባቷ ሥርዓት ሳይፈርስ እስከ ሁዳዴ መጠበቅ እንዳለባት ነገረችኝ። እኔም በጥር «ይደርድሩልኝ» ሳልላቸው መቅረቴን ነገርኳት። «ግን አንድ ነገር» አለች። «ዝም ብለሽ ነው እንጂ ብትጠይቂው ኖሮ በረቡዕ ያወርድልሽ ነበር። ረቡዕም ጾም ነው። እኔ ልጅ ሆኜ ስለምነው በረቡዕ አውርዶልኛል።»

በማግሥቱ ረቡዕ ነበር። ጠዋት ከጋሽ ደሴ መደርደሪያ ያንን ከባዱን ፓወር ሰፕላይ፣ ሰፊ ኬዝ፣ አንድ ትልቅ ማራገቢያ፣ መብሻና ረዥሙን ገመድ ይዤ ሄድኩ። የማሽኑን ዕቃ አዛውሬ ገጠምኩ። በእልፍኟና በጓዳው መካከል ያለውን ጭቃ ግድግዳ በስቼ ገመዱን አሳለፍኩና ማሽኑን ጓዳ አስገባሁት። ነጠላዬን ላወርድ ስል እናትነሽ የአባቷን ጋቢ ከሣጥን አውጥታ ሰጠችኝ። አልብሰነው አንድ ሰዓት ጠበቅን። ገለጥኩት። ከዚያ በጥር ሳልናገረው የቀረሁትን ቃል ተናገርኩ።

«እባክሽ በገናውን አውርጂና ደርድሪልኝ።»

«አልችልም እኮ።»

«አንድ አውታር ይበቃል።»

ወፍራሙን አውታር በአውራ ጣቷ ሳበችው። አያ ምስጋናው የዚያኔ ከደጅ ገቡ። «ገና በጥቅምት በገና! ወንድሜ ቢሰማ ኖሮ፣ እናንተ ልጆች…» እያሉ ቀጠሉ። ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ ነበር፤ የአውታሩ ድምፅ እየከሰመ ነበር። እጄን ወደ ሽማግሌው አነሣሁ።

«አንቱ፣ ይቅርታዎን፤ ትንሽ ዝም ይበሉልኝ።»

አፋቸው እንደተከፈተ ዝም አሉ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። እንዝራው ጥዝ ብሎ፣ ቀጥኖ፣ አረፈ። ከጓዳው በኩል ምንም አልመጣም። እስኪበቃኝ ድረስ አዳመጥኩ፤ ከዚያ ዞሬ ለአያ ምስጋናው ያጓራው እንዝራው ሳይሆን ማራገቢያው እንደነበረ፣ ሰምታ «ደኅና ነው» ያለችው ያቺ ልጅም እኔ መሆኔን ነገርኳቸው።